ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት ጎርፉ የት እንደሚሄድ ጠይቁ

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለትውልድ አካባቢያችን ምን እናድርግ ብለን ስንሰባሰብ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሁለቱ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ የሚዋጣው ገንዘብም በድካም የተገኘ ነው። ነገር ግን ዝናብ በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ በሚጥልባቸው ቆላማና በረሃማ ቦታዎች ጉድጓድ ውኃ ያወጣል እንጂ ውኃ አይፈጥርም። ወደ ከርሰ ምድር የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ፣ ዛሬ በደስታ የተመረቀው ጉድጓድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓምፑ አየር ብቻ የሚስብበት ይሆናል። ስለዚህ ለጉድጓድ ገንዘብ የምታዋጡ ሁሉ፣ የዝናብንና የጎርፍን ውኃ ወደ መሬት ውስጥ መመለስን የዚያው ሥራ ግማሽ አድርጋችሁ እንድታዩት እመክራለሁ። ይህን የምለው በአሪዞና በረሃ ረጅም ዘመን ኖሬ፣ በውኃ ሙያም ሠርቼ ያየሁትን መሠረት አድርጌ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሪዞና የምትገኘው የቱሳን ከተማ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ብቻ ነበር። ነዋሪውና ፓምፑ ሲበዛ የውኃው ጠለል፣ ማለትም የከርሰ ምድሩ ውኃ የላይኛው ገጽ፣ በከተማዋ መካከለኛ ክፍል በአንዳንድ ቦታ ከ60 ሜትር በላይ ወረደ፤ ውኃው የለቀቃቸው የአፈር ቀዳዳዎች ከላይ ባለው ክብደት ስለሚታመቁም መሬቱ ራሱ በዝግታ ይሰምጥ ጀመር። አንድ ጊዜ የታመቀ የሸክላ ንብርብር ውኃ ቢመለስለት እንኳ የቀድሞውን ያህል አይይዝም፤ ከጉዳቱ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፣ ምክንያቱም የሚጠፋው ውኃው ብቻ ሳይሆን የውኃው ማደሪያም ጭምር ነው። አሪዞና በ1980 የከርሰ ምድር ውኃን የሚያስተዳድር ሕግ አወጣች። ከኮሎራዶ ወንዝ ተነሥቶ 540 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ የሚያቋርጥ፣ በየጣቢያው በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ ቦይም ወደ ፊኒክስና ወደ ቱሳን ተሠራ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በ1992 የቦዩ ውኃ ተጣርቶ በቀጥታ ወደ ቱሳን ቤቶች ሲለቀቅ፣ ጠባዩ ከከርሰ ምድሩ ውኃ የተለየ ስለነበር በአሮጌ የብረት ቧንቧዎች ውስጥ ለዘመናት የተጋገረውን ዝገት አላቀቀው፤ ከየቧንቧው ቡናማ ውኃ ወረደ፣ ቧንቧዎች ተበላሹ፣ ሕዝቡም ተቆጣ። በ1994 አቅርቦቱ ቆመ፤ በ1995 ደግሞ ነዋሪዎች በድምፃቸው ውኃው በቀጥታ እንዳይሰጥና ወደ መሬት እንዲገባ ወሰኑ። በዚህም መሠረት ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የአቭራ ሸለቆ ሰፋፊና ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች ተቆፈሩ። የኮሎራዶ ውኃ በእነዚያ ገንዳዎች ተንጣሎ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በአሸዋውና በጠጠሩ መካከል ሲያልፍ ይጣራል፣ ከነባሩ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያም በዙሪያው በተቆፈሩ ጉድጓዶች ተስቦ ወደ ከተማዋ ይላካል። ከ2001 ጀምሮ ቱሳን ይህን ድብልቅ ውኃ ትጠጣለች፤ ያረፉት የከተማዋ ጉድጓዶችም በብዙ ቦታ ጠለላቸው መልሶ ከፍ ብሏል።

ከአሪዞና ሕግ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተኝ አንድ አንቀጽ አለ። ለረጅም ጊዜ ውኃ ያስቀመጠ አካል ወደፊት መልሶ የማውጣት መብት ሲመዘገብለት፣ በአብዛኛው ካስገባው ላይ 5 በመቶው ተቀንሶ ለመሬቱ ይቀራል። የወሰደ ሁሉ አንድ ነገር ትቶ ይሂድ ማለት ነው። በ1996 የተቋቋመው የክልሉ የውኃ ባንክም በደህናው ዘመን ከኮሎራዶ ድርሻ የተረፈውን ውኃ ሲያስቀምጥ ኖሮ፣ የወንዙ ውኃ አንሶ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የእጥረት አዋጅ ሲታወጅ የሚመካበት ክምችት ነበረው።

በሌሎች በረሃማ አገሮች የምትኖሩ ወገኖችም ይህን ሥራ በአቅራቢያችሁ ታገኙታላችሁ። ላስ ቬጋስ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍላጎት በሚቀንስበት በክረምቱ ቅዝቃዜ ወራት የተጣራ የኮሎራዶ ውኃ በጉድጓዶች ወደ መሬት ስታስገባ ቆይታለች። በእስራኤል፣ ብዙ ቤተሰቦቻችን ከሚኖሩባቸው ከርሖቮትና ከያቭኔ ብዙም ሳይርቅ፣ የሻፍዳን ጣቢያ የቴል አቪቭ አካባቢን የታከመ ፍሳሽ በአሸዋ ክምሮች ውስጥ አስርጎ ካጣራ በኋላ ለኔጌቭ እርሻዎች ይልካል። በአቡዳቢ የሊዋ በረሃ ደግሞ ከባሕር ውኃ የተጣራ 26 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ከአሸዋው በታች ተከማችቶ በ2018 ተመርቋል፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለ90 ቀናት እንዲያጠጣ የታሰበ የክፉ ቀን ስንቅ ነው። በአሪዞና ያላችሁ ደግሞ በቱሳን የስዊትዋተር ረግረግንና በጊልበርት ከተማ ያለውን የወፎች መናፈሻ ከልጆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ እዩ፤ ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው፣ ወፎቹ የሚዋኙባቸው ኩሬዎችም ውኃ ወደ ከርሰ ምድር የሚገባባቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ማለት ግን የአሪዞናን ገንዳ እንዳለ ወደ ኦጋዴን ወይም ወደ አፋር እናሻግር ማለት አይደለም። አሪዞና ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ፣ ደለሉ በግድብ ውስጥ የቀረለት ወንዝ በቦይ ይመጣላታል። የእኛ ቆላ ያለው በአንድ ሌሊት ወርዶ በማግስቱ የሚደርቅ፣ ድንጋይና አፈር ተሸክሞ የሚመጣ ጎርፍ ነው። ጎርፉ የሚያመጣው ደቃቅ ደለል የገንዳውን ወለል እንደ ልስን ስለሚደፍነው፣ ባልተዘጋጀ ቦታ የተቆፈረ ኩሬ በሁለትና በሦስት ክረምት ውኃ ማስረግ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ለትነት ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ከግልጽ ኩሬ ላይ በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውኃ ተንኖ ሊሄድ ይችላል። በአቭራ ሸለቆ እንኳ፣ ውኃው ያን ያህል የጠራ ሆኖ ሳለ፣ ገንዳዎቹ በየተራ እየደረቁ ወለላቸው ይቧጨራል። ይህን የሚሠራ ሰውና የሚከፈለው ደመወዝ ያልታሰበበት ፕሮጀክት ገና ከመነሻው ያልተሟላ ነው።

ለእኛ መልክዓ ምድር የሚስማማው ሥራ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ ጎርፉ በሚነሣበት ተዳፋት ላይ እርከን፣ የድንጋይ ክትርና ከልቅ ግጦሽ የተከለለ መሬት ያስፈልጋል፤ ጎርፉ ፍጥነቱን ካልቀነሰና ደለሉን ከላይ ካልጣለ ከታች የሚሠራው ሁሉ ይደፈናል። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ነዋሪዎች ለዓመታት በጉልበታቸው በሠሩት እንዲህ ያለ ሥራ፣ ደርቀው የነበሩ ቦታዎች በእጅ በሚቆፈር ጉድጓድ ውኃ ሰጥተዋል፤ በ2012ም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። በአፋር ደግሞ በደረቅ ወንዞች ላይ አግድም የተሠሩ ዝቅተኛ ግንቦች ጎርፉን በግራና በቀኝ ሜዳ ላይ እንዲንጣለል ያደርጉታል፤ ሣርም ይበቅላል፣ ውኃም ይሰርጋል።

ሦስተኛው ዓይነት በኬንያ ኪቱይና ማቻኮስ በብዛት የሚታየው፣ በአገራችንም በደቡብና በምሥራቅ ቆላዎች የተሞከረው የአሸዋ ግድብ ነው። በደረቅ ወንዝ ላይ አለት እስኪገኝ ተቆፍሮ ግንብ ይቆማል፤ ጎርፍ ሲመጣ ከኋላው በአሸዋ ይሞላል፣ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከልም ውኃ ይቀራል። የአሸዋው ይዘት ከሩብ እስከ ሲሶው ድረስ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ከገጹ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ካለ በኋላም ፀሐይ እምብዛም አታገኘውም፣ ከብትም አይረግጠውም። ዘዴው ርካሽና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወንዙ የሚያመጣው ሻካራ አሸዋ ሳይሆን ጭቃ ከሆነ አይሠራም። ግንቡም ብዙ ጊዜ በአንድ ወቅት ሳይሆን በየክረምቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይደረጋል፤ አለበለዚያ የተረጋጋው ውኃ ከአሸዋው ይልቅ ደቃቁን አፈር ያስቀምጣል። የምረቃ ቀን የሚያስቸኩለው ኮሚቴ ይህን መታገሥ ይከብደዋል፤ እናንተ ግን ታገሡ።

ስለዚህ ሥራ ተቋራጩ የዋጋ ማቅረቢያ ሲልክላችሁ፣ ስለ ቁፋሮው ጥልቀት ብቻ አትጠይቁት። በአካባቢው ያሉት ነባር ጉድጓዶች ከአምስትና ከአሥር ዓመት በፊት ውኃቸው በስንት ሜትር ላይ እንደነበረና ዛሬ በስንት ሜትር ላይ እንዳለ ጠይቁ፤ የወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ባይኖረው እንኳ ሽማግሌዎችና ውኃ ቀጂ እናቶች የገመዱን ርዝመት ያውቃሉ። ከወለሉ በታች ሸክላ ወይም ኖራ ያጠነከረው ንብርብር መኖሩን በሙከራ ጉድጓድ አስፈትሹ፤ እንዲህ ያለ ንብርብር ካለ ከላይ የሚፈሰው ውኃ ሁሉ በዚያ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ውኃ አዘሉ ድንጋይ አይደርስም። ቀላሉ ሙከራ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ሞልቶ በየሰዓቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ መለካት ነው፤ ይህም ከአንድ ጊዜ በላይ ይደረግ፣ ደረቅ አፈር በመጀመሪያው ቀን ከልክ በላይ ይጠጣልና።

ስለ ውኃው ንጽህናም ቸል አትበሉ። ወደ መሬት የሚገባው ቆሻሻም አብሮ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ከከርሰ ምድር በምትጠጣው በድሬዳዋ በጉድጓዶች ውስጥ ከፍ ያለ ናይትሬት የተገኘው በዋናነት ከመጸዳጃ ጉድጓዶች ወደ ታች በሚሰርገው ፍሳሽ ምክንያት ነው። ስለዚህ ውኃ የሚሰርግበት ቦታ ከመጸዳጃ፣ ከበረትና ከቆሻሻ መጣያ በላይ በኩል ይሁን። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ተፈጥሯዊ ችግር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በመሆኑ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ቧንቧ መዘርጋት አይገባም። አንዳንድ ቦታ የሰረገ የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱን ሊያቀጥነው ይችላል፤ ይህንን ግን ምኞት ሳይሆን በተደጋጋሚ የተወሰደ ናሙና ነው የሚያረጋግጠው።

ሌላው የመብት ጉዳይ ነው። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ለአብዛኛው የውኃ ሥራም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከወረቀቱ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ከታች ያለው ሰው ነው። እናንተ በላይኛው መንደር ያስቀራችሁት ጎርፍ ምናልባት በታችኛው መንደር የማሽላ ማሳ የሚያጠጣ፣ ወይም አርብቶ አደሩ በበጋ ግመሎቹን ይዞ የሚወርድበትን ኤላ (ባህላዊ የውኃ ጉድጓድ) የሚሞላ ይሆናል። የተወላጆች ማኅበር ከራሱ ቀበሌ ውጪ ያሉትን ካላማከረ በመልካም ሐሳብ ጠብ ሊተክል ይችላል። ኮሚቴ ሲቋቋም ከታችኛው ሸለቆ ሁለትና ሦስት ሰዎች፣ ከእነርሱም ውኃ የሚቀዱ ሴቶች፣ አብረው እንዲቀመጡ አድርጉ።

በገንዘብ በኩል የእኔ ምክር ከተዋጣው ቢያንስ ሩቡ ለተፋሰስና ለማስረጊያ ሥራ፣ ሌላ ድርሻ ደግሞ ለደለል ጠረጋና ለጥገና አስቀድሞ እንዲመደብ ነው፤ ክፍፍሉ እንደ ቦታው ይለያያል፣ ባዶ ሆኖ ግን መቅረት የለበትም። ከዋናው ጉድጓድ ጎን የማይቀዳበት፣ ለልኬት ብቻ የሚያገለግል ቀጭን የመከታተያ ጉድጓድ አስቆፍሩ። የአካባቢው መምህር ወይም የቦኖው ጠባቂ በወር አንድ ጊዜ የውኃውን ጠለል በሜትር ገመድ ለክቶ፣ የዝናቡን መጠን ከጎኑ ጽፎ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ለማኅበሩ እንዲልክ ተዋዋሉ፤ ለዚህም ተገቢውን አበል ክፈሉት። ልኬቱ ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይጀመር፤ ያለዚያ ጠለሉ ከፍ ሲል በእናንተ ሥራ ይሁን በጥሩ ክረምት ማወቅ አይቻልም።