ደብተሩን ዘግታችሁ ጠይቋቸው

ጥያቄ፦ «የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 12ኛ ክፍል ናት። እስከ እኩለ ሌሊት ታነባለች፤ ፈተና ላይ ግን ‹ሁሉም ጠፋብኝ› ብላ እያለቀሰች ትመጣለች። መካከለኛው 7ኛ ክፍል ነው። ዓመቱን ሙሉ ደብተር አይገልጥም፣ የፈተና ዋዜማ ሸምድዶ ጥሩ ውጤት ያመጣል። ትንሹ 9 ዓመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍል። ፊደል አሁንም ይምታታበታል። ባለቤቴ ማታ ማታ ሦስቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቦ ለሁለት ሰዓት ‹አንብቡ!› ይላቸዋል። ትንሹን ‹ወንድምህን አታይም? አንተ ድንጋይ ራስ!› ይለዋል። ጣልቃ ስገባ ጠቡ ወደ እኛ ይዞራል። እሱ ራሱ ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ‹የኔ እጣ እንዳይደርሳቸው ብዬ ነው› ይላል። የትንሹ አስጠኚ ደግሞ ‹በማየት የሚማር ልጅ ነው፣ ሥዕል ብቻ አሳዩት› አለችኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም «የኔ እጣ እንዳይደርሳቸው» የሚለው ላይ ቆምኩ። ባለቤትሽን እንዲህ የሚያስቆጣው ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ። ፍርሃቱም መሠረት አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ አባት እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም።

ስድቡ ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ መቆም አለበት። ልጅ ሲፈራ ሐሳቡ በሙሉ ቁጣውን መጠበቅ ላይ ነው። ለፊደሉ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ያን ጊዜ የተሳሳተው ስለፈራ ይሁን ስላላወቀ እናንተም መለየት አትችሉም።

ሌላው ችግር ያቺ ጠረጴዛ ናት። ሦስት የተለያየ ዕድሜና አቅም ያላቸው ልጆች አንድ ላይ፣ እኩል ሰዓት፣ አንድ ትእዛዝ፦ «አንብቡ»። ለሦስቱም የሚሆነው ሥራ የተለያየ ነው።

ከትንሹ ልጀምር፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። አንድ ነገር ሞክሪ። «ሀ ሁ ሂ ሃ...» በል በይው። ምናልባት እንደ መዝሙር ይወርደዋል። ከዚያ ገበታው ላይ «ሬ»ን ብቻ በጣትሽ ጠቁሚና «ይህቺ ማን ናት?» በይው። ከንፈሩን ተመልከቺ። «ረ ሩ ሪ ራ...» እያለ በሹክሹክታ ቆጥሮ ከደረሰባት፣ ልጁ ዜማውን እንጂ ፊደሏን ገና አያውቃትም።

የቆሎ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ዱሮ ነው ያወቁት። ሕፃኑ ሀ ሁን ሲጨርስ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት ለዚህ ይመስለኛል፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል፣ ዜማው አያድንም፣ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ መለየት ግድ ይሆናል። ይህ ጥበብ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ አብዛኞቻችን ልጆቻችንን ሀ ሁ ላይ ብቻ እናቆማቸዋለን። ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ትናንሽ ካርዶች ቁረጪ። 231ዱን ፊደል በአንዴ እንዳትሞክሪ። ከራሱ ስም ፊደላት ጀምሪና አምስት ብቻ ያዢ። በውዢው፣ አንድ በአንድ አሳዪው። ከመንገርሽ በፊት ትንሽ ጠብቂው። ያወቃትን ወደ ጎን አድርጊና ነገ መልሰሽ አምጪያት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ቡ»ን ከ«ቢ» ወይም «ለ»ን ከ«ሰ» ካምታታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና ልዩነቷን ራሱ በጣቱ ያሳይሽ። ሳህን እያጠባችሁም «በግ ስንል መጀመሪያ የሚሰማህ ድምፅ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ማታ ደግሞ ተረት አንብቢለት። መጽሐፍ ቁጣ የሌለበት ነገር መሆኑን ይልመደው።

የአስጠኚዋን «በማየት የሚማር ልጅ» የሚለውን እርሺው። አባባሉ በየትምህርት ቤቱ ተለምዷል። ነገር ግን እንደ ፈረንጆች በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ የተደረጉትን ጥናቶች ሲመረምሩ፣ ልጆችን «በማየት» «በመስማት» ብሎ ከፋፍሎ ማስተማር እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ አላገኙም። ፊደል ለሚምታታበት ልጅ ፊደሉና ድምፁ አብረው ነው መምጣት ያለባቸው። ሥዕል ብቻ ማሳየት ችግሩን መሸሽ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ከወራት ልምምድም በኋላ ፊደሉ ካልያዘለት፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር መኖር አለመኖሩን ባለሙያ ይይ። በደብዳቤ ይህን መወሰን አልችልም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ልንገርሽ፦ ዲስሌክሲያ የስንፍናም የአእምሮ ማነስም ምልክት አይደለም። በዘር የመውረድ ዝንባሌም አለው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወደ ትልቋ ልጅሽ ልምጣ። «ቤት ሳነበው የማውቀው ይመስለኛል፣ ፈተና ላይ ይጠፋብኛል» የሚሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ እኔ ይመጣሉ። ሁሉም ታታሪ ናቸው። ደብተሩን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ገጹን ሲያየው ይለየዋል፤ መለየትን እንደ ማወቅ ይቆጥረዋል። ፈተና ግን ገጹ ሳይኖር ከጭንቅላት አውጣው ነው የሚለው።

እንደ ፈረንጆች በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ዙር አነበበ። ሌላው በአንዱ ዙር ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፦ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ያነበቡት 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ልብ በይ፣ «በደንብ እናስታውሳለን» ብለው የበለጠ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ልጅሽም እንደዚያው ነው የሆነችው።

ስለዚህ አንድ ርዕስ ታንብብ፣ ደብተሩን ትዝጋ፣ በባዶ ወረቀት ያስታወሰችውን ትጻፍ። ከዚያ ገልጣ የጎደለውን ብቻ በሌላ ቀለም ትሙላ። መጀመሪያ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ታለቅስ ይሆናል። አብረሻት ሁኚ። የቆዩ የማትሪክ ጥያቄዎችን ስትሠራ ምርጫዎቹን በእጇ ሸፍና መልሱን ራሷ ትበል፣ ከዚያ ትግለጣቸው። ምዕራፎችን ደባልቃ ትሥራ፤ ፈተናው «ይህ ከምዕራፍ ሦስት ነው» ብሎ አይነግራትም። እኩለ ሌሊት ደግሞ ትተኛ። ቀን የተማረችው ነገር የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜም ነው።

የመካከለኛው አጭር ነው። ሽምደዳ ለነገው ፈተና ይሠራል፣ ለዚህ ነው የማይተወው። ግን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች በ1885 እንዳሳየው፣ አዲስ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው በፍጥነት የሚጠፋው። በአንድ ሌሊት ሦስት ሰዓት ከሚያጠና ሳምንቱ ላይ ተከፋፍላ የምትመጣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ትበልጥለታለች። የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ይገባዋል፤ እስከዚያ ግን ባለፈው ወር የተማረውን እራት ላይ ጠይቁት። ትንሹን እንዲያስጠናው ግን ለጊዜው አታድርጉ። የሚወዳደርበት ወንድሙ አስተማሪው ከሆነ፣ ቁስሉ ላይ ጨው ይሆንበታል።

አሁን ባለቤትሽ። ከጠረጴዛው አታባሪው፤ ሥራውን ቀይሪለት። ፊዚክስ አለማወቁ ለትልቋ በጣም ይጠቅማታል። ደብተሯን ዘግታ ላልተማረ ሰው ማስረዳት ስትጀምር፣ ያልገባት ቦታ ላይ ራሷ ትቆማለች። እሱ የሚያስፈልጉት ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፦ «ለምን?» እና «እስቲ በምሳሌ ንገሪኝ?» ይህን «ምክር ተሰጠኝ» ብለሽ አትንገሪው። «ልጅቷ የምታስረዳው ሰው ትፈልጋለች፣ አንተ ብትሆንላት» በይው። አንድ ሩብ ሰዓት ይሞክር። በልጆቹ ፊት ላለመከራከር ደግሞ ሁለታችሁም ተስማሙ፤ ያስከፋሽን ከተኙ በኋላ ንገሪው።

ከተኙ በኋላ ሌላም ጥያቄ አለሽ። ቡና ወይም ሻይ አቅርቢና፣ ምንም ሳትወቅሺው፣ ልጅ ሆኖ ፊደል ይምታታበት እንደነበር ጠይቂው። ከ8ኛ ክፍል ያስወጣው ምን እንደነበር ምናልባት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ዝም ካለም አትቸኩዪበት፤ አጠገቡ ተቀመጪ።