በጠባብ በጀት የጌም ኮምፒውተር መገጣጠም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርና ባለ 12 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ መርጫለሁ። በተረፈችኝ ገንዘብ ከኬዝ ጋር አብሮ የሚሸጠውን፣ «500 ዋት» ተብሎ የተጻፈበትን ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ልወስድ አስቤያለሁ። ምርጫዬ ተመጣጣኝ ነው?

መልስ፦ ሁለቱ ጥሩ ጥንድ ናቸው፤ ሚዛኑን የሚያፈርሰው ሦስተኛው ነው። ካርዱ ብቻውን እስከ 170 ዋት የሚወስድ ሲሆን አምራቹም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ይሁን እንጂ በርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሁሉም መስመሮች ድምር እንጂ፣ ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመገቡበት የ12 ቮልት መስመር አቅም አይደለም። ስለዚህ በጎኑ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፒር ያንብቡና በ12 ያባዙት፤ 18 አምፒር ከሆነ በእጅዎ ያለው 216 ዋት ብቻ ነው፤ ይህም ለሁለቱ አይበቃም። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ስለ ኃይል ብክነት እንጂ ስለ አሠራሩ ጥራት አይመሰክርም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው ይኸው ዕቃ ነው፤ ርካሹ ሲቃጠል ደግሞ ማዘርቦርዱን (ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ይዞ ሊሄድ ይችላል። ገንዘቡ ካልበቃ ካርዱን 132 ዋት ወደሚወስደው አርኤክስ 6600 ዝቅ ያድርጉት እንጂ ከፓወር ሰፕላዩ አይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ልግዛ ወይስ ባለ 8 ሁለት?

መልስ፦ ባለ 8 ሁለት።

ጥያቄ፦ ጥሩ የጌም ኮምፒውተር ስንት ያወጣል?

መልስ፦ የትኛውን ጌም፣ በምን ዓይነት ስክሪን? ይህን ሳይነግሩኝ የምመልሰው የለኝም።

ጥያቄ፦ በኮር አይ3 12100ኤፍ ፕሮሰሰር ጀምሬ ግራፊክስ ካርዱን ከወራት በኋላ ብገዛስ?

መልስ፦ «ኤፍ» ማለት የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ጥቁር ስክሪን ሲመለከቱ ይከርማሉ።

ጥያቄ፦ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ካርድ መጨመርስ?

መልስ፦ ያስኬዳል። ነገር ግን ብዙዎቹ በአምራቹ ልዩ ቅርጽና ሶኬት የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው በገበያው ዕቃ ለመተካት ያስቸግራሉ። ስለዚህ እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያለ፣ ከ75 ዋት የማያልፍና ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ይፈልጉ።

አንድ አባል፦ ያገለገለ ካርድማ አትግዙ፤ ሁሉም ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ሲያመርቱ የከረሙ ናቸው።

ሌላ አባል፦ የእኔ እንደዚያ ነበር፤ ፋኑን ለውጬለት ሁለት ዓመት ተጫውቼበታለሁ።

አንድ አባል፦ የአንድ ሰው ዕድል ለሁሉም ምክር ሊሆን አይችልም።

መልስ፦ ክርክሩን የሚፈታው ፈተና ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አስጫውቱትና ሙቀቱን አንብቡ፤ በተለይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ያው ፋን ከቆላ ያነሰ ሙቀት ያስወጣል። የምትፈትኑበት ፓወር ሰፕላይ ደካማ ከሆነ ግን ጥፋቱን በከንቱ በካርዱ ታሳብባላችሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከኬዙ ጋር የመጣው 500 ዋት አይበቃም ማለት ነው?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጠያቂ የጻፍኩትን ያንብቡና የአምፒሩን ቁጥር ይዘው ይመለሱ።