ቀለሙን አትንካው፣ ፍሬኑን ግን ቀይር

ወንድሜ፣ «አሮጌውን ሳይክል እንደ አዲስ ላስቀባው ወይስ እንዳለ ልተወው? ፍሬኑንስ ልቀይር?» ብለሃል። ቀለሙን እባክህ አትንካው! አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይመጣም። መጀመሪያ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ እጠበው። የእኔን ሳጸዳው ከጥቁሩ ቆሻሻ ስር በእጅ የተሰመረች ቀጭን ወርቃማ መስመር ብቅ አለች። ላስቀባው እኮ ነበር!

ፍሬን ላይ ግን ድርድር የለም። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬኑ በደንብ አይዝም። የፍሬኑ ላስቲክ የሚይዘው ቸርኬውን ስለሆነ የአሉሚኒየም ቸርኬ አስገባ። የድሮው ባለ 27 ኢንች ከሆነ፣ 700ሲ የሚባለው የአሁኑ የተለመደ መጠን ቸርኬ ከእሱ በራዲየስ 4 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ የፍሬኑ ላስቲክ በዚያው ልክ ዝቅ ማለት መቻሉን ቀድመህ ለካ። ቴላዮውን አትብሳ፣ አትበይድ። የፈታኸውን ዕቃ ሁሉ እስከ ብሎኑ ድረስ በካርቶን አስቀምጥ፤ ሲያሰኝህ መልሰህ ትገጥመዋለህ።