«ድሬ ተኝታለች» ሰውኛ ዘይቤ ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ከምሳ በኋላ ድሬ ተኝታለች» ለሚለው ዓረፍተ ነገር «ሰውኛ ዘይቤ» ብላ መልሳ መምህሯ ኤክስ አደረጉባት። ከተማ እንደ ሰው ተኝታ ሰውኛ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር)

መልስ፦ መምህሯ ልክ ናቸው። ልጅዎም ግን ብዙ አልራቀችም።

እስቲ የተኛው ማን ነው? የድሬን የሰባት ሰዓት ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ግማሹ ጋደም ይላል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ይቀመጣል። የተኛው ሰዉ ነው፤ ከተማዋ የተጠራችው በነዋሪዎቿ ፈንታ ነው። «ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ደረሰ» ስንል ቤትና አጥሩ ተነስቶ ሄደ የሚል የለም። ይህን ምትክ አነጋገር ልበለው።

መለያው ቀላል ነው። «ድሬ» በሚለው ቦታ «የድሬ ሰው» ብለው ይተኩ። «የድሬ ሰው ተኝቷል» ያለ ምንም ዘይቤ እውነት ሆኖ ይቆማል። አሁን ደግሞ «ደቻቱ ተቆጣ» የሚለውን ይሞክሩ። የድሬው ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይሞላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። እዚህ ላይ የሚተካ ሰው የለም። ቁጣው የወንዙ የራሱ ነው፤ የሰው ስሜት ተሰጥቶታል። ሰውኛ ማለት ይህ ነው። ያው ወንዝ «ደቻቱ ሆይ፣ ስንቱን ወሰድክ!» ተብሎ ቢጠራ ደግሞ እንቶኔ ይሆናል፤ የማይሰማውን እንደሚሰማ አድርጎ ማነጋገር ነውና።

ልጅዎን ያሳሳታት «ተኝታለች» የሚለው በሴት ፆታ የተነገረ ግሥ ይመስለኛል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። በአማርኛ ከተማ በሴት ፆታ ይጠራል፣ አለቀ። «ሐረር በግንብ ታጥራለች» ስንል ማንም ሴት አይታየውም።

ነገር ግን ጸሐፊው «ድሬ ራሷን ተራራው ላይ አስደግፋ፣ እግሯን እስከ ሳቢያን ሰፈር ዘርግታ ተኝታለች» ቢል ኖሮ ልጅዎ ሙሉ ማርክ ይገባት ነበር። ይህን ያህል የሚረዝም የድሬ ሰው የለማ! አሁን የተኛችው ከተማዋ ራሷ ናት።

የተቀሩት ዘይቤዎች ብዙም አያስቸግሩም። «ድሬ የበረሃ ንግሥት ናት» ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ አንዱን ነገር ሌላው ነው ይላልና፤ «እንደ ንግሥት» ብለው ካመሳሰሏት ደግሞ ተነጻጻሪ ይሆናል። «ባቡሩ ጮኸ»ን ከዘይቤ አልቆጥረውም፤ ቃሉ ለባቡር የዕለት ተዕለት ቃል ሆኗል። «ባቡሩ ዳገቱ ላይ አቃሰተ» ቢሆን ግን ሰውኛ እለዋለሁ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ለመምህሯም ቢያደርሱልኝ ደስ ይለኛል። ዓረፍተ ነገርን ከአንቀጹ ነጥሎ «ዘይቤው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተማሪን ማደናገር ነው። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር መልሱን ሊገለብጠው ይችላል።