ቂም ይዞ ችሎት

ወደ ሕግ ሙያ ለምትገቡ ወጣቶች፦

በጥብቅና ከሠላሳ ዓመት በላይ ስቆይ ከወጣት ባልደረቦቼ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «የያዝኩት ጉዳይ እውነት ነው፤ ሆኖም ከተከራካሪዬ ጋር የቆየ ቅሬታ አለኝ፤ ልቤ ሳይጠራ ችሎት ፊት መቆም ይገባኛል ወይ?» አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሚታወሰኝ ከአሜሪካ ነጻነት ዋዜማ፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በማሳቹሴትስ የኖረው ጠበቃና የምክር ቤት አባል ጄምስ ኦቲስ ነው።

ኦቲስ የተወለደው በ1725 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባርንስተብል ነው። አባቱ ስሙም ጄምስ ነበር፤ ሕግን በራሱ ጥረት ተምሮ ጠበቃ፣ በኋላም የቅኝ ግዛቲቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለመሆን በቃ። ልጁን ግን ሃርቫርድ አስተማረው፤ ልጁም ከዚያ ወጥቶ በጀረማያ ግሪድሊ፣ በዘመኑ አንቱ በተባለው የቦስተን ጠበቃ፣ እግር ሥር ሕግ ተማረ። በ1760 የላይኛው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሲሞቱ አባትዬው በዚያ ፍርድ ቤት መቀመጫ እንደሚያገኝ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ የቀድሞው ገዥ ቃል ገብተውለት ነበርና። አዲሱ ገዥ በርናርድ ግን ዋና ዳኝነቱን በሕግ ላልሠለጠነውና ቀድሞውንም ምክትል ገዥ ለነበረው ለቶማስ ሃቺንሰን ሰጡት። ልጅ ኦቲስ ይህን አልረሳም፤ ሃቺንሰንም በበኩሉ የኦቲስ ተቃውሞ ሁሉ ከዚህ ቅሬታ የመነጨ ነው ሲል ኖረ።

በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ስለ ሞቱ፣ በስማቸው ተሰጥቶ የጉምሩክ ሹማምንት ኮንትሮባንድ ለመፈለግ የያዙት አጠቃላይ የብርበራ ትእዛዝ መታደስ ነበረበት። ኦቲስ በባሕር ጉዳዮች ፍርድ ቤት የመንግሥት ጠበቃ ነበርና ለትእዛዙ እንዲከራከር ይጠበቅ ነበር። ሹመቱን ለቀቀ፤ ተቃዋሚ ለነበሩት የቦስተን ነጋዴዎች ቆመ፤ የጥብቅና ክፍያም አልቀበልም አለ። በየካቲት 1761 ችሎቱ ሲሰየም ለመንግሥት የቆመው መምህሩ ግሪድሊ፣ ከመካከል የተቀመጠው ዋና ዳኛ ደግሞ ያው ሃቺንሰን ነበር።

ቂሙን ሊያወጣ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። ኦቲስ ግን የአባቱን ነገር አላነሣም። ያነሣው የሕግ ነጥብ ነው፦ በቃለ መሐላ የተደገፈ ጥርጣሬ ቀርቦ አንድ የተለየ ቤት እንዲፈተሽ የሚሰጥ ትእዛዝ ሕጋዊ ነው፤ ማንኛውንም ቤት፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይገለጽ የሚያስፈትሽ፣ ውጤቱም ለፍርድ ቤት ተመላሽ የማይደረግ ትእዛዝ ግን ሕግ ሊሆን አይችልም አለ። ከዚያም በአገሩ የሆነውን አንድ ነገር ተረከ። ዌር የሚባል የጉምሩክ ሰው ሰንበትን በመሻር ወይም አጉል በመማል ተከሶ ዋሊ በተባለ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ጠይቆ ሲያበቃ ዌር «ጨረሱ?» አለው፤ «አዎን» ሲባል፣ እንግዲያውስ እኔም ሥልጣኔን ላሳይዎ ብሎ በያዘው ትእዛዝ የዳኛውን ቤት ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት በረበረ፤ አስሮ ያመጣውን የሕግ አስከባሪ ቤትም እንዲሁ አደረገበት።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ምሳሌ ነው። ቂም ምን እንደሚያደርግ ከውስጡ የሚያውቅ ሰው፣ ሕግ ለማንም ቂም የሰው ቤት ቁልፍ አሳልፎ መስጠት የለበትም ብሎ ተከራከረ። እኔ በወጣትነቴ ይህን አላወቅሁም ነበር፤ አንድ ጊዜ ባቀረብኩት መልስ ላይ የሰደርኩትን ዘለፋ አይተው ዳኛው «ይህ ክርክር ነው ወይስ ስሞታ?» ብለው በባለጉዳዬ ፊት መልሰውልኛል። ከዚያ ወዲህ ጽሑፌን ስጨርስ የተከራካሪዬን ስም አውጥቼ በማላውቀው ሰው ስም እየተካሁ እንደገና አነባለሁ። የሚፈርስ አንቀጽ ካለ ያ አንቀጽ የእኔ ቁጣ እንጂ የባለጉዳዬ መብት አልነበረም ማለት ነው፤ እናንተም ሞክሩት።

ኦቲስ ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ የእንግሊዝን አሠራር ጠይቆ በኅዳር ለመንግሥት ወሰነ፤ ትእዛዙም ታደሰ። ነገር ግን በችሎቱ ውስጥ ጆን አዳምስ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ጠበቃ ማስታወሻ ሲይዝ ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነጻነት የተወለደው በዚያ ችሎት ነው ብሎ ጻፈ። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያም የሚፈተሸው ቦታ ተለይቶ ይጻፍ ሲል ያንኑ ነጥብ ይዟል።

ቤቱ ግን አልቀናውም። ባለቤቱ ሩት ከሀብታም የነጋዴ ቤት የመጣች የንጉሡ ወገን ነበረች፤ እሱም ለአዳምስ፣ ጥሩ ሚስት ናት፣ ለእኔም ትበዛለች፣ ግን የንጉሡ ደጋፊ ናት ብሎ ነግሮታል። አንዷ ልጁ የእንግሊዝ መኮንን አገባች፤ ሌላዋ የአሜሪካውን ጄኔራል የቤንጃሚን ሊንከንን ልጅ አገባች፤ ወንድ ልጁ በጦርነቱ ዘመን በለጋ ዕድሜው ሞተ። ከቤተሰቡ በሐሳብ አብረውት ከቆሙት አንዷ እህቱ ሜርሲ ናት፤ የአሜሪካን አብዮት ታሪክ ጽፋ በ1805 አሳተመች። እሱ ራሱ አእምሮው ታውኮ፣ ወረቀቶቹን አቃጥሎ፣ በግንቦት 1783 አንዶቨር በተባለ ስፍራ ከበር ላይ ቆሞ ሳለ በመብረቅ ሞተ።

ከሕመሙ በፊት የሆነ አንድ ነገር ይቀራል። በመስከረም 1769 ኦቲስ የጉምሩክ ኮሚሽነሮችን በጋዜጣ ከነቀፈ በኋላ፣ ከእነሱ አንዱ የሆነው ጆን ሮቢንሰን በቦስተን አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተጣልቶት ራሱን ክፉኛ ፈነከተው፤ ብዙዎች አእምሮው ጨርሶ የታወከው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። ኦቲስ ከሶ 2,000 ፓውንድ ተፈረደለት። ሮቢንሰን በጠበቃው በኩል ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ሲጠይቅ ግን፣ ኦቲስ ለፍርድ ቤትና ለሕክምና ያወጣውን ብቻ ተቀብሎ የቀረውን ገንዘብ ተወለት።