ከጉርድ ፎቶ እስከ ዳካታ፦ ጋሽ ዜኒትን ጠይቁት

አወያይ፦ አቦ ሰላም ለሁላችሁ! የፎቶ ግሩፓችን የዛሬው ተረኛ ጋሽ ዜኒት ነው። የድሬ ልጅ ነው፤ የሐረርጌን ተራራና ሸለቆ ፎቶ ሲያነሳ ነው የሸበተው። ጠይቁት። ደስ ያለውን ይመልሳል፣ ያላለውን ያልፋል።

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ እንዴት ጀመርክ?

ጋሽ ዜኒት፦ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር አንድ ፎቶ ቤት ተላላኪ ሆኜ። ሻሂ አመጣለሁ፣ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እቆርጣለሁ። ቆይቼ ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። ፊልም ማጠብና ማተም እዚያ ተማርኩ። ያኔ ለተራራ ፎቶ ብር የሚከፍል ሰው የለም። ግን የሠርግ ፊልም ሲያልቅ መጨረሻው ላይ ሦስት አራት ፎቶ ይተርፋል። ባለቤቱ እሷን ለኔ ይተውልኝ ነበር። የሩሲያውን ዜኒት፣ ያንን ጡብ የሚያክል ካሜራ፣ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በጭነት መኪና ከድሬ ወደ ሐረር የሚያስወጣውን ተራራ፣ ደንገጎን፣ እወጣለሁ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። ታች ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይጣበቃል፣ ላይ ጃኬት ያምርሃል። ሜዳው ከታች በአቧራ ደብዝዞ፣ ገደሉ አጠገብህ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህን ካየሁ በኋላ ጉርድ ፎቶ መቁረጥ አስጠላኝ።

ጀማሪ 01፦ ምን ካሜራ ልግዛ?

ጋሽ ዜኒት፦ ያለህን ተጠቀም።

ጀማሪ 01፦ ስልክ ነው ያለኝ።

ጋሽ ዜኒት፦ አለህ ማለት ነው።

ለገሀሬ፦ ዳካታ ሸለቆ ያሉትን፣ አንዱ በሌላው ላይ የቆሙትን ድንጋዮች ስንት ሰዓት ላነሳቸው? ስሄድ ሁሌ ድርቅ ያለ ፎቶ ነው የማገኘው።

ጋሽ ዜኒት፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ልንገርህ? ከሐረር ቁርስ በልተህ፣ ባቢሌን አልፈህ፣ አራት ሰዓት ላይ ትደርሳለህ። አልቋል። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ነን። ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። የአውሮፓ ቪዲዮ አይታችሁ ረጅም ወርቃማ ብርሃን ትጠብቃላችሁ። እዚህ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ 40 ደቂቃ ነው። ሚያዝያ መግቢያና ነሐሴ ማብቂያ ላይማ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናትህ ላይ ናት። ድንጋዩ ጥላውን እግሩ ሥር ይደብቀዋል። አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ መቆሙን የሚያሳየው ጥላ ነው፤ ጥላ ከሌለ ግድግዳ አነሳህ። ስለዚህ ንጋት 11 ተኩል ላይ ትራይፖድህ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያህ) ተተክሎ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8 ወይም 11 ሆኖ ተዘጋጅ። 22 ድረስ አትዝጋ፤ ምስሉ ይለሰልስብሃል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ መስታወት) ካለህ ፀሐይን በጎንህ አድርገህ ተጠቀምበት። በሰፊ ሌንስ ግን ሰማዩ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ይሆናል። ሌንስ በነፋስ አትቀይሩ! አቧራው ሴንሰሩ ላይ፣ ምስሉን የሚቀበለው ገጽ ላይ ነው የሚያርፈው።

ለገሀሬ፦ አንተ ግን የመጀመሪያህ እንዴት ነበር?

ጋሽ ዜኒት፦ ዳካታ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የፊልሙን 36ቱንም ፎቶ ጨረስኩ። በደስታ እየዘፈንኩ ተመለስኩ። ሳጥበው ፊልሙ እንደ መስታወት ባዶ! የፊልሙ ጫፍ የካሜራው ጥርስ ላይ አልተያዘም ነበር። ቀኑን ሙሉ የጠመዘዝኩት ባዶውን ነው። ፊልም ሲሄድ በግራ በኩል ያለችው መጠቅለያ አብራ ትዞራለች፤ ያኔ አላየኋትም። ከዚያ ወዲህ ከሷ ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም። ብቻ በሳምንቱ ስመለስ የት እንደምቆም አውቄ ነበር። 36 ፎቶ ሙሉ ዓይኔ ተለማምዷላ። 11 ብቻ አንስቼ ተመለስኩ። አንዷ ዛሬም ሳሎኔ ላይ አለች።

ጀጎል፦ የከዚራው ልጅ ትናንት የላከውን ፎቶ አያችሁ? የመብራት ሽቦውን በስልክ አጥፍቶታል። ውሸት ነው!

ከዚራ፦ ሽቦ ተፈጥሮ ነው እንዴ? ቆሻሻ ብጠርግ ውሸታም ልባል?

ጀጎል፦ መንገዱ እንደዚያ ነው። እኛ ሐረር ግድግዳውን በእጃችን ቀለም እንቀባለን እንጂ ፎቶው ላይ አንቀባም።

ከዚራ፦ ሐረር ደግሞ ዘወር ካልክ ግድግዳ ነው። አድማስ የታለ?

ጋሽ ዜኒት፦ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትሄድ ሽቦው ከፎቶህ ይወጣ ነበር። አያችሁ ችግራችሁን? እግራችሁ ሰነፍ ነው።

ጀጎል፦ ለማንኛውም ፎቶ ሐረር ውስጥ የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በስንት ዘመን እዚህ ያነሳ ነበር!

ጋሽ ዜኒት፦ ልክ ነህ፣ እ.ኤ.አ. በ1883። ለቤተሰቡ የላካቸው ፎቶዎች ግን ነጡ። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፤ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ነበር። እኔም ጨለማ ክፍል ውስጥ ደርሶብኛል። ኬሚካሉ በደንብ ካልታጠበ ፎቶው ዛሬ ያምራል፣ በዓመቱ ይገረጣል።

ከዚራ፦ ያኔም የሐረር ውሃ! አቦ ዛሬም ከኛ ከድሬ በኩል ነው የሚመጣላችሁ።

ጀጎል፦ አስተናጋጅ፣ ይህን ሰውዬ ሂሳቡን አስከፍላችሁ አስወጡልኝ።

አወያይ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ድሮን?

ጋሽ ዜኒት፦ ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ቀጥል።

ነጃት፦ ጋሼ፣ ደቻቱ፣ የድሬው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ማታ ላነሳ አስቤያለሁ። በየትኛው ሌንስ?

ጋሽ ዜኒት፦ ሌንሱን ተዪው። መጀመሪያ ደንገጎን እዪ። ላይ ጥቁር ደመና ካለ አትውረጂ፤ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ባይወርድ እንኳ። ዝናቡ ተራራው ላይ ይወርዳል፣ ጎርፉ እናንተ ጋ ይደርሳል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው የወሰደው። አሸዋው ደረቅ መሆኑ አያታልልሽ። ሰማዩ ጥርት ካለና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ አሸዋው ሰማያዊ ይሆናል፣ ያምራል። እናትሽን አስፈቅደሽ፣ ሰው ይዘሽ ውረጂ።

ጀማሪ 02፦ ሰላም ጋሼ፣ ምን ካሜራ ትመክረኛለህ?

ጋሽ ዜኒት፦ ወላሂ ከላይ አንብብ።

ጀማሪ 02፦ ማለቴ ለመልክዓ ምድር...

ጋሽ ዜኒት፦ ለመልክዓ ምድር የሚያስፈልግህ የሚደውል ሰዓት ነው። ሌሊት 10 ተኩል ላይ ሙላው። ሂድና አንድ ቦታ፣ አንድ ብቻ፣ ለአንድ ወር ተመላለስ። ከዚያ ስለ ካሜራ እናወራለን።

የሳቢያን ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ደቻቱ እጀምራለሁ!

ጋሽ ዜኒት፦ ደንገጎን አየኸው?

የሳቢያን ልጅ፦ ቤት ውስጥ ነኝ።

ጋሽ ዜኒት፦ ውጣና እየው።

የሳቢያን ልጅ፦ ...ጠቁሯል። መብረቅም አለ።

ጋሽ ዜኒት፦ እንግዲያው ተኛ።