ለብሮክን ሂሏ ጠያቂ፦ የባልሽን ወገን የዘር ሐረግ ከየት እንደምትጀምሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ አጠር አድርጌ ልመልስ ብዬ አልሆንልኝ ስላለ ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ። ልጅሽ የዘር ሐረግ አዘጋጅታ እንድትመጣ ከትምህርት ቤት ታዘዘች። በአንቺ በኩል እናትሽ በስልክ ሰባት ቤት ቆጥረው ሰጧት። በአባቷ በኩል ግን አያቷ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ «ብሮክን ሂል ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ» ከማለት ሌላ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት እዚያው ላይ ነበርኩ። የባለቤቴ እናት ተወልደው ያደጉት እዚያችው የአውስትራሊያ የማዕድን ከተማ፣ ብሮክን ሂል ነው። ዛሬ በእሳቸው በኩል የእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች አገር እስከሆነችው ኮርንዎል ድረስ አምስት ትውልድ ቆጥረናል። የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት፣ የባልሽ ቤተሰብ «የብሮክን ሂል ሰዎች» ቢባሉም መሠረታቸው እዚያ አይደለም። ከተማዋ ልጅ ናት። ቻርልስ ራስፕ የሚባል በፈረስ የበግ እርባታ አጥር የሚጠብቅ ሰው እዚያ ኮረብታ ላይ ምልክት ተክሎ ይዞታ የጠየቀው በመስከረም 1883 ነው። ዛሬ ቢኤችፒ የምንለው የማዕድን ኩባንያ የተመሠረተው ደግሞ በ1885 ነው። ከዚያ በፊት ከነባሩ የዊልያካሊ ሕዝብና ከጥቂት በግ አርቢዎች በቀር ሰው አልነበረበትም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ የሠራ ቆፋሪ በአብዛኛው ከሌላ የማዕድን ከተማ የመጣ ነው፤ ያ ከተማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ አውስትራሊያ ካሉት የመዳብ ከተሞች አንዱ ነው፦ ካፑንዳ፣ ቡራ፣ ዋላሩ፣ ሙንታ።

ይህን ስረዳ ነው ነገሩ የተከፈተልኝ። ገበሬ አንድ ቦታ ይኖራል፤ ቆፋሪ ግን ማዕድኑን እየተከተለ ይሄዳል። ቡራ በ1845 ተከፍቶ በ1877 ተዘጋ። ሙንታ በ1861 ተጀምሮ በ1923 አበቃ። ምዕራብ አውስትራሊያ ካልጉርሊ ወርቅ የተገኘው በ1893 ነው። የባለቤቴን ቅድመ አያት ልጆች የትውልድ ቦታ በቅደም ተከተል ስጽፋቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቡራ፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ሙንታ፣ የመጨረሻዎቹ ብሮክን ሂል ሆነው አገኘኋቸው። ማዕድኑ ሲነጥፍ ወይም ዋጋው ሲወድቅ እቃቸውን ጠቅልለው መነሳታቸው ነው። አንድ ሰው ከመዝገብ ሲጠፋብሽ «በዚያ ዓመት የትኛው ማዕድን ተዘጋ? የትኛው ተከፈተ?» ብለሽ ጠይቂ። በብሮክን ሂል የ1892ቱ፣ የ1909ኙ እና ዓመት ተኩል የፈጀው የ1919–20 የሥራ ማቆም አድማም ብዙ ቤተሰብ በትነዋል።

ሌላው እኔን አንድ ዓመት ያስከፈለኝ የቦታው ነገር ነው። ብሮክን ሂል ያለችው ኒው ሳውዝ ዌልስ ክልል ውስጥ ነው፤ ከሲድኒ ግን ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ከአደላይድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ዛሬ የከተማዋ ሰዓት የሚቆጥረው በአደላይድ ሰዓት ነው። ከ1888 ጀምሮ ባቡሩ በሲልቨርተን አድርጎ ኮክበርን ላይ የሁለቱን ክልሎች ድንበር እየተሻገረ ማዕድኑን ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ወደብ ወደ ፖርት ፒሪ ይወስድ ነበር። ሰዉም በዚያው ባቡር ሄዶ ያገባል፣ እናቱ ዘንድ ሄዶ ይወልዳል፣ ሳንባው በአቧራ ሲበላሽ ደግሞ ሄዶ አደላይድ ይሞታል። እኔ የአማቴን አያት ጋብቻ ኒው ሳውዝ ዌልስ መዝገብ ውስጥ ስቆፍር ከርሜ ያገኘሁት ደቡብ አውስትራሊያ ነው። አንቺ ከመጀመሪያው ሁለቱንም ክልል ፈልጊ።

ስለ ሰርተፍኬቶቹ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ገንዘብሽ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ መመዝገብ የጀመረው በ1856 ሲሆን የሞት ሰርተፍኬቱ ሀብታም ነው፦ የሟቹን አባትና እናት ስም፣ የት እንደተወለደ፣ በአውስትራሊያ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ የት ማንን እንዳገባ፣ ልጆቹን ሁሉ ይጽፋል። ደቡብ አውስትራሊያ ቀድሞ በ1842 ቢጀምርም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለው የሞት ሰርተፍኬት ደረቅ ነው፤ ለአዋቂ ሰው የወላጆቹን ስም አይነግርሽም። ስለዚህ የምትፈልጊው ሰው ሙንታ ሞቶ ወንድሙ ወይም እህቱ ብሮክን ሂል ከሞቱ፣ የወንድሙን ግዢ። አባትና እናት አንድ ናቸውና መልሱን የምታገኚው እዚያ ነው። እኔ ወደ ኮርንዎል የተሻገርኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም አስታውሷት በማያውቅ ሳታገባ በሞተች እህት ሰርተፍኬት።

የኒው ሳውዝ ዌልስ የኢንተርኔት ማውጫ በነጻ ይታያል፤ ልደት ከ100 ዓመት በላይ፣ ጋብቻ ከ50፣ ሞት ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ክፍት ነው። ከዚያ ወዲህ ላለው ባለቤትሽ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ማመልከት አለበት። ሙሉ ሰርተፍኬቱ ውድ ስለሆነ መዝገቡን አንብቦ ቃል በቃል የሚገለብጥልሽ ፈቃድ ያለው ወኪል አለ፤ በጣም ይረክሳል፣ ለእኛ ሥራ ደግሞ በቂ ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገርሽ። የአማቴ አያት የሞት ሰርተፍኬት በፖስታ መጣ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለአማቴ አነበብኩላቸው። የልጆች ዝርዝር ላይ ስደርስ በሕይወት ያሉት በስማቸውና በዕድሜያቸው ተጽፈዋል። ከእነሱ በታች አንድ መስመር አለ፤ «የሞቱ፦ ወንድ 3፣ ሴት 1»። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው «እናቴ አንድ ቀን እንኳ አላነሳቻቸውም» አሉ። ከዚያ በኋላ እነዚያን አራት ልጆች ሳላገኝ ማቆም አልቻልኩም። መንገዱ ቀላል ነው፦ በማውጫው ላይ የቤተሰቡን ስም፣ የአባትና የእናትን የመጠሪያ ስም አስገብተሽ የልጁን ስም ባዶ ትተሽ ፈልጊ። ሁሉንም ያወጣልሻል። ሦስቱ ዓመት ሳይሞላቸው፣ አንደኛዋ በሁለት ዓመቷ በ1888 በታይፎይድ ነበር የሞቱት። ከተማዋ ያኔ ንጹሕ ውሃ ስላልነበራት በዚያ ዓመት በሽታው ብዙ ሰው ፈጅቷል። መቃብራቸው ላይ ድንጋይ የለም። ግን ስማቸው አሁን በልጆቼ ሐረግ ላይ አለ። ልጅሽ የምትሠራው ሐረግ ላይም እንዲህ ያሉትን አትዝለያቸው።

የስም ነገር እኛን ያደናግረናል። የእኛ ስም ራሱ ሐረግ ነው፤ አባት፣ አያት እያለ ይሄዳል። የእነሱ የቤተሰብ ስም ዘሩን ይዞ ትውልዱን ይደብቃል፤ ሴቷ ደግሞ ስታገባ ትጠፋለች። በዚያ ላይ ኮርንዎሎች ዊልያም፣ ጆን፣ ቶማስ እያሉ ስሙን ይደጋግሙታል። እኔ ሙንታ አንድ ዓይነት ስም ካላቸው ሁለት ሰዎች የተሳሳተውን ይዤ ወደ ኋላ ሦስት ትውልድ ቆጥሬ፣ በኋላ ሁሉንም መሰረዝ ግድ ሆነብኝ። ሁለቱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይሠሩ ነበር። የለያቸው የሚስቶቻቸው የልጅነት የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ የሴቶቹን ስም ከሁሉ አስቀድመሽ ያዢ። ስሙ በትሬ፣ በፖል ወይም በፔን የሚጀምር ከሆነ ግን ደስ ይበልሽ፤ ኮርንዎሎች መሆናቸው ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። ሙያውም ይናገራል፦ ቆፋሪ ከሆነ ኮርንዎልን፣ መዳብ አቅላጭ ከሆነ ዌልስን አስቢ፤ ለቡራ ማቅለጫ ብዙ ሰው የመጣው ከዌልስ ነበርና።

ጋዜጣውን እንዳትረሺ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለው፤ ባሪየር ማይነር የተባለው የብሮክን ሂል ጋዜጣ ከ1888 እስከ 1954 ያለው እዚያ ይነበባል። ስትፈልጊ የሰውየውን ሙሉ ስም አትጻፊ፤ ወንዱን በመጀመሪያ ፊደሉ፣ ሴቷን በባሏ ስም «ሚስስ» ብለው ነው የሚጽፉት። እኔ በብዛት ያገኘሁት የቤተሰቡን ስም ከመንገዱ ስም ጋር አድርጌ በመፈለግ ነው። መንገዶቹ በማዕድንና በኬሚካል የተሰየሙ ናቸው፦ አርጀንት፣ ክሎራይድ፣ ኦክሳይድ፣ ኮባልት፣ ሰልፋይድ። የሙት ዓመት ማስታወቂያዎችን በተለይ ፈልጊ፤ «የእገሌ እህት፣ የእገሌ ሚስት» እያሉ ዝምድናውን ራሳቸው ይዘረዝሩልሻል። ያገባች ሴት የምትገኘው እዚያ ነው።

ግን አንድ አደራ አለኝ። ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ሰው ካለ የአሟሟቱ ምርመራ በጋዜጣው ላይ በሙሉ ወጥቷል፤ አለቱ እንዴት እንደተናደ፣ ጓደኛው ምን እንደሰማ፣ አስከሬኑ እንዴት እንደነበረ ሁሉ ሳይሸፋፍኑ ነው የሚጽፉት። ለባለቤትሽም ሆነ ለአማትሽ ከመስጠትሽ በፊት ብቻሽን አንብቢው። እኔ ሳላስብ የአማቴን አጎት ታሪክ ሰጥቻቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ ግን ከተማዋ አናት ላይ፣ ከ2001 ጀምሮ ወደቆመው የቆፋሪዎች መታሰቢያ ወሰድናቸው። ከ800 በላይ ስም አለበት፤ ከያንዳንዱ ስም ጋር ዓመቱና የሞተበት ምክንያት ተጽፏል። የአጎታቸውን ስም በጣታቸው ዳብሰው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

የሕዝብ ቆጠራ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። እዚህ አገር ቅጾቹ ተወግደዋል፤ ለኒው ሳውዝ ዌልስ የተረፈው የ1891 እና የ1901 የቆጣሪዎች ደብተር ነው፤ እሱም የቤቱን ኃላፊ ስምና የወንድና የሴት ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። በምትኩ የመራጮችን መዝገብ ተጠቀሚ። ደቡብ አውስትራሊያ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው በ1894፣ አገሪቱ በሙሉ በ1902 ስለሆነ ሴቶቹንም ከነሥራቸውና ከነአድራሻቸው ታገኚያለሽ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ካለ ፋይሉ ብሔራዊ መዝገብ ቤት በነጻ ይታያል፤ የቆዳውና የዓይኑ ቀለም፣ ቁመቱ፣ ሃይማኖቱ፣ የቅርብ ዘመዱ ሁሉ አለበት።

ደስ የማይልም ነገር ታገኚ ይሆናል። በ1890ዎቹ ወደ ምዕራብ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ሚስትና ልጆቹን ጥሎ የቀረ ብዙ ነው። እኛም ዘንድ አንድ አለ፤ ያገኘሁት ሚስት ጥለው የሸሹ ባሎች በሚታወጁበት የደቡብ አውስትራሊያ የፖሊስ ጋዜጣ ላይ ነው። በብሮክን ሂል አፍጋኖች የሚባሉት ግመል ነጂዎችም ነበሩ፤ ያሠሩት ትንሽ ቆርቆሮ መስጊድ ዛሬም ቆሟል። ከነባር ሕዝብም ሆነ ከነጭ ሴቶች ጋር ተጋብተው ወልደዋል። ይህን ለብዙ ዓመት የደበቁ ቤተሰቦች አሉ። ነባር የዘር ግንድ ምልክት ካየሽ ካንቤራ የሚገኘው አይአትሲስ የተባለው የነባር ሕዝቦች ጥናት ተቋም ፈላጊዎችን ይረዳል። የምራቅ (የዲኤንኤ) ምርመራውን ግን ለመጨረሻ አቆዪው፤ ወረቀቱ ሳይኖርሽ የሩቅ ዘመድ ዝርዝር ብቻ ቢደርስሽ ምንም አታደርጊበትም።

ለአሁን፣ ዛሬ ማታ ባለቤትሽን የአባቱን እናት የልጅነት የቤተሰብ ስም ጠይቂው። ካላወቀው የአባቱን የልደት ሰርተፍኬት ያስወጣ፤ እዚያ ላይ አለ። ልጅሽ ለትምህርት ቤት የምታስረክበው እስከ ቅድመ አያት ቢሆን ይበቃታል፤ ቀሪው ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ያለሁት አደላይድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ክልሉ ቤተ መጻሕፍት እወጣለሁ። ስሙን ካገኘሽው በውስጥ መስመር ላኪልኝና የሙንታና የቡራ መዝገቦችን አይቼልሽ እመለሳለሁ።